ኦቦ ከድር ጣይው ያሉኝ ወረቀት

ኦቦ ከድር ማረፋቸውን የነገረኝ የድሮው ክሊኒካችን ዘበኛ ነው። ጎባ፣ አዲሱ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ፣ የጠዋት ናሙና እየተቀበልኩ ነበር። ስልኩ ላይ የዘበኛውን ስም ሳይ ደስ አለኝ፤ ከሮቤ የሚደወልልኝ ብዙ ጊዜ ለሰርግ ወይም ለክርስትና ጥሪ ነው።

«ሰላማዊት፣ ተቀመጪ» አለኝ።

አልተቀመጥኩም።

«ኦቦ ከድር ትናንት አመሻሹ ላይ አጋርፋ፣ እህታቸው ቤት፣ የጫማቸውን ማሰሪያ ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ በዚያው ቀሩ። ሐኪም ቤት እንኳን አልደረሱም።»

እጄ ላይ የነበረውን የደም ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። «ልባቸው ነው፣ አይደል?» አልኩት።

«አንቺ በምን አወቅሽ?» አለኝ ዘበኛው።

ስልኩን ዘግቼ ለባልደረባዬ «ሄድኩ» ሳልላት ጋውኔን አውልቄ ወጣሁ። ጎባ መናኸሪያ ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ የጠበቅኩት ጊዜ ሮቤ ለመድረስ ከወሰደብኝ ይበልጣል። መንገዱ እንዲህ አጭር ነው። ስምንት ወር ሙሉ ግን አንድ ቀን እንኳን እሳቸውን ለመጠየቅ አልሄድኩበትም ነበር።

ኦቦ ከድርን ያወቅኳቸው ከኮሌጅ ወጥቼ ሮቤ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ስቀጠር ነው። ላቦራቶሪ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ መስኮት፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ሁለት ወንበር። አንደኛው ወንበር የእሳቸው ነበር። ረዥምና ቀጭን ሰው ናቸው፤ ከጋውናቸው ሥር የሚለብሱት አረንጓዴ ሹራብ ዓመቱን ሙሉ ከገላቸው አይወርድም። ወፍራም ቢሆኑ ኖሮ አንድ ሰው ቀደም ብሎ ይጠረጥር ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። ቀጭን ሰው፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ ሲጋራ በአፉ ያልዞረ ሰው፤ ማን ይጠረጥረዋል?

የመጀመሪያው ቀን አንድ ስላይድ ሰጡኝ። ትንሽ አየሁና «ኖርማል ነው» አልኳቸው።

«ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ስም ሰጥተውኝ አያውቁም። «ኖርማል ስም ነው። እኔ ስሙን አልጠየቅኩሽም። ምን አየሽ ነው ያልኩሽ።»

እርሳስና ወረቀት ሰጥተው ያየሁትን ሁሉ እንድስል አደረጉኝ። ክቡን፣ ጭረቱን፣ የአየር አረፋውን፣ ምን እንደሆነ የማላውቀውን ሁሉ። አፍሬ ነበር። ኮሌጅ ጨርሼ የመጣሁ ሰው እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ክብ እየሳልኩ ግማሽ ቀን ዋልኩ። ስጨርስ ወረቀቱን ከማይክሮስኮፑ ጋር እያመሳከሩ አዩና «አንዷን ዘለልሽ» አሉኝ። እውነትም አንዷን ዘልዬ ነበር። ጥገኛ ተውሳክ ነበረች።

እንዲህ ያለ ዓይን ነበራቸው። ዶክተሩ ራሱ ሲጨንቀው ወደ እኛ ክፍል ይመጣ ነበር። ከሁሉ የማልረሳው ከሲናና የመጣ አንድ ገበሬ ነገር ነው። ጎኑን እያመመው ለብዙ ጊዜ ሲታከም የቆየ ሰው ነው። ሳንባው ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል ተብሎ ተቀዳለትና ናሙናው ወደኛ መጣ። ፈሳሹ ደፍርሶ፣ ስታወዛውዘው በውስጡ የሆነ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል። እኔ አየሁት፤ ስላይዱ ላይ የመስታወት ስብርባሪ የመሰለ ነገር ሞልቷል። «ስላይዱ ቆሽሿል» ብዬ ሌላ ሠራሁ። ያው ነው። ሦስተኛ ሠራሁ። ያው ነው።

ኦቦ ከድር አጎንበሰው አዩ። ለረዥም ጊዜ አልተነሱም።

«ነይ እዪ» አሉኝ። «ቆሻሻ እንዲህ ይስተካከላል? አራት ማዕዘን ነው፤ ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። አንድ ጥጉን ተመልከቺው። አንዱ ጥግ የለም፤ ተቆርሷል። ሁሉም ላይ ተቆርሷል።»

«ምንድን ነው?»

«ኮሌስትሮል ነው። ክሪስታል ሠርቷል። ይሄ ደግሞ በአንድ ሳምንት የሚሆን ነገር አይደለም። እዚያ ውሃ ውስጥ ስንት ሕዋስ ሞቶ፣ ፈርሶ፣ ከፍርስራሹ የወጣው ስብ የሚሄድበት አጥቶ ተከማችቶ ነው። ይሄ ውሃ የቆየ ነው፤ ዓመታት ያስቆጠረ ነው።»

ዶክተሩ ክፍል ሄደው ነገሩት። ገበሬው ገና በቅርቡ እንደታመመ ሰው መታከሙ ቀርቶ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ። መንገዱን ስለማያውቀው ኦቦ ከድር ራሳቸው ፈቃድ ጠይቀው አብረውት ሄዱ። በኋላ ያ ሰው ድኖ፣ በአዝመራ ጊዜ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የገብስ እሸት ተሸክሞ ክሊኒኩ መጣ። ኦቦ ከድር አፍረው ለሠራተኛው ሁሉ አከፋፈሉት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ክሪስታል ሲጠየቁ ፊታቸው ይበራ ነበር። አንድ ጊዜ ወይዘሮ አሰለፈች የሚባሉ የቅቤ ነጋዴ ሐሞታቸው ውስጥ ጠጠር አለ ተብለው፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል ሲባሉ ግቢውን በጩኸት አናጉት። «እኔ ድንጋይ በልቼ አላውቅም! ምን ሲደረግ ነው ሆዴ ውስጥ ድንጋይ የሚገኘው!» ይላሉ። ዶክተሩ ሊያስረዳቸው ሞክሮ አቃተው። ኦቦ ከድር ወደ ላቦራቶሪው ጠሯቸው። መስኮቱ ላይ ከሃረና ጫካ የመጣ ማር በብርጭቆ ዕቃ ነበራቸው፤ ለጉሮሯቸው የሚቀምሱት። ገና ሲመጣ እንደ ውሃ የሚፈስ ነበር። የሮቤ ብርድ ሲመታው ከታች ጀምሮ ነጭ ሆኖ መጠጠር ጀምሯል።

«ይሄን ማር ማን ነው ድንጋይ የጨመረበት?» አሏቸው።

«ማንም አልጨመረበትም። ረጋ እንጂ፤ ማር መቼም ይረጋል» አሉ ሴትዮዋ።

«የእርስዎም እንደሱ ነው። ኮሌስትሮል የሚባል ስብ አለ። ሲፈጠር ክፉ ነገር አይደለም፤ ያለሱ ሰውነታችን አይቆምም፤ ጉበታችን ራሱ ነው የሚሠራው። ውሃ ግን አያሟሟውም። ሐሞት ነው አሟሙቶ ይዞት የሚሄደው። ሐሞት ከሚችለው በላይ ሲሆንበት ጥሎት ይሄዳል። የተጣለው መጀመሪያ በዓይን የማትታይ አንዲት ቅንጣት ይሆናል። እሷ ብቻ ብትሆን ታልፍ ነበር። ግን እሷ ካለች ሌላው እላይዋ ላይ ይለጠፋል። በላዩ ሌላ። ሐሞት ከረጢቱ ደግሞ ሰነፍ ከሆነና ቶሎ ቶሎ ካልጨመቀ፣ ለማደግ ጊዜ ታገኛለች። ድንጋዩን አልበሉትም፤ እዚያው አድጎ ነው።»

ወይዘሮ አሰለፈች ማሩን ለረዥም ጊዜ አዩና «እና ማሞቅ አይቻልም?» አሉ። ኦቦ ከድር ሲስቁ ትከሻቸው ነበር የሚስቀው፤ ድምፅ የለውም። «አይቻልም እመቤቴ። መውጣት ነው ያለበት።»

ሴትዮዋ ሄደው ቀዶ ሕክምናውን አደረጉ። ጠጠሮቹን በትንሽ ጠርሙስ ይዘው መጡና «ይኸው የርስዎ ማር!» ብለው ሰጧቸው። ኦቦ ከድር አንዱን በምላጭ ለሁለት ከፍለው አሳዩኝ። ቢጫ ነው፤ ከመሃሉ ተነስተው ወደ ዳሩ የሚሄዱ የሚያበሩ የሚመስሉ መስመሮች አሉት። «መሃሏን ተመልከቺ» አሉኝ። «ያቺ ነች የመጀመሪያዋ።»

ያን ጊዜ ነው የጠየቅኳቸው። «ደም ሥር ውስጥም እንዲህ ነው ኦቦ ከድር?»

ምላጩን ጠረጉት።

«ደም ሥር ውስጥ ጠጠር ሆኖ አይንከባለልም። ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ይከማቻል። ሲበዛ እዚያው ክሪስታል ይሠራል። ክሪስታል ጠርዝ አለው፤ ስለት ነው። እያደገ ሲሄድ የሸፈነውን ስስ ሽፋን ይወጋዋል። ሽፋኑ የተቀደደ ቀን ደሙ ቁስል መስሎት እዚያው ይረጋል። መንገዱ ተዘጋ። በቃ።»

«በቃ ማለት?»

«በቃ ማለት በቃ ነዋ።» ቀጠሉ። «አባቴ ፈረስ ሲጭን ነው የወደቀው። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ አጨዳ ላይ፣ ኮምባይነሩ አጠገብ እንደቆመ። ሁለቱም ስልሳ አልሞላቸውም። የኛ ቤት ወንድ አልጋ ላይ አይሞትም።» ይህን ብለው በትከሻቸው ሳቁ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሙያዬ ነው፤ በዘር የሚወርድ የኮሌስትሮል በሽታ እንዳለ ተምሬያለሁ፣ ተፈትኜበታለሁም። ሳቅሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እሳቸው ውዱእ ሲያደርጉ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ጫማቸውን አውልቀው ከቧንቧው አጠገብ ሲታጠቡ፣ ከተረከዛቸው በላይ ያለው ጅማት እንደ ጣት ወፍሮ ነበር። የዓይናቸው ሽፋን ጥግ ላይ ቢጫ ንጣፍ ነበረ። የዓይናቸው ጥቁር ክፍል ዙሪያውን ነጣ ባለ ቀለበት ተከቧል። ይህን ሁሉ፣ የዚያኑ በሽታ ምልክት፣ በየቀኑ አይ ነበር። የዕድሜ ነገር ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ስም ሰጥቼ አለፍኩት።

በአራተኛ ዓመቴ ክሊኒኩ የኬሚስትሪ ማሽን አመጣ። ከዚያ በፊት ኮሌስትሮል ለማሠራት ሰዎችን ወደ ሌላ ቦታ ነበር የምንልከው። ማሽኑን የተከለው ሰው ሲሄድ ሁለታችን ብቻችንን ቀረን። መሞከሪያ ደም ያስፈልገን ነበር። የራሴን ልቀዳ ስል ኦቦ ከድር የሹራባቸውን እጅጌ ሰበሰቡ።

«የኔን ውሰጂ» አሉኝ። «ለመሞከሪያ ነው።»

ቀዳሁ። ደሙ ረግቶ ከዘቀጠ በኋላ ከላይ የቀረው ፈሳሽ ጥርት ያለ ነበር። አንዳንዱ ሰው ደሙ ውስጥ ስብ ሲበዛ ወተት ይመስላል፤ የእሳቸው ግን አልመሰለም፤ ምንም የሚያስጠረጥር ነገር አልነበረውም። ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ወረቀቱ ሲወጣ ከማሽኑ ላይ የቀደድኩት እኔ ነኝ። ኮሌስትሮላቸው ከፍተኛው ገደብ ተብሎ ከተጻፈው ከእጥፍ በላይ ነው።

ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት። ከዚያ ማሽኑን አዩት።

«ገና አልተስተካከለም» አሉኝ። «ወረቀቱን ጣይው።»

«እሺ» አልኩ። ጣልኩት።

ምሳ ሊበሉ ሲወጡ የራሴን ደም ሠራሁ። ደህና ነው። ከማሽኑ ጋር የመጣውን ማመሳከሪያ ሠራሁ። ልክ መሆን ያለበት ላይ ነው። የእሳቸውን ቀሪ ደም ደግሜ ሠራሁ። ያው ቁጥር። ማሽኑ አልተሳሳተም። ሲመለሱ ሦስቱን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ይዤ ተቀምጬ ነበር።

«ተስተካከለ?» አሉኝ።

«ተስተካክሏል» አልኳቸው።

ዓይን ለዓይን ተያየን። እሳቸው ያወቁ ይመስለኛል። እኔ ማወቄንም ያወቁ ይመስለኛል። ሁለታችንም የሌላ ሰው ናሙና አነሳን።

ይህን ቀን ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አልናገርም። ያን ጊዜ ለራሴ የነገርኩት፣ አስተማሪዬ ናቸው፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ ከኔ ይበልጥ ያውቃሉ፣ ምን ብዬ ነው «ታመዋል» የምላቸው የሚል ነበር። ሰው «ይሉኝታ» ይለዋል። አሁን ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። እጅጌያቸውን ማንም አላስሰበሰባቸውም። እኔ የራሴን ልቀዳ ተነስቼ ነበር። ኦቦ ከድር ማወቅ ይፈልጉ ነበር፤ ፈርተው ስለነበረ ግን «ለመሞከሪያ» ብለው በጓሮ በር ገቡ። ከዚያ ቁጥሩን ሲያዩ ደነገጡና ሊወጡ አሉ። በሩን ይዞ «አይ፣ ይቀመጡ» የሚላቸው አንድ ሰው ነበር የጎደለው። እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ዶክተሩ ጋ ልነግረው ሄጄ ነበር። በር ላይ ደርሼ በሽተኛ ስለነበረበት ተመለስኩ። በሽተኛው ሲወጣ አልተመለስኩም። ሌላ ቀን ደግሞ ከክሊኒኩ ወደ መስጊድ በሚወስደው ዳገት አብሬያቸው ስሄድ መሃል ላይ ቆሙ። አንድ እጃቸውን የሰው አጥር ላይ አሳርፈው ወደ መሬት እያዩ ይተነፍሳሉ።

«ምን ሆኑ ኦቦ ከድር?»

«ብርዱ ነው። የሮቤ ብርድ ደረት ይይዛል።»

ፀሐይ ነበር። እንደምንም ብዬ «ያቺ ምርመራ...» አልኩ።

ቀና ብለው ፈገግ አሉ። «የትኛዋ ምርመራ?»

ፈገግታቸው ደግ ነበር። ቢቆጡኝ ኖሮ የምናገር ይመስለኛል። «ምንም» አልኩ።

ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆየሁም። ጎባ የተሻለ ሥራ ተገኘልኝ። ሥራው ነው የወሰደኝ እላለሁ፤ እውነቱ ግን በየጠዋቱ ያንን ፊት እያዩ ዝም ማለት ከብዶኝ ነበር። የሄድኩ ቀን ኦቦ ከድር ማይክሮስኮፑን የሚጠርጉበትን ለስላሳ ጨርቅ አጥበው፣ አጥፈው ሰጡኝ። «የኔ ዓይን ደክሟል፤ ካሁን በኋላ አንቺ ነሽ የምታዪው» አሉኝ። እየመጣሁ እንደምጠይቃቸው ነገርኳቸው። አልጠየቅኳቸውም።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ጀናዛው ወጥቶ፣ ተቀብረው፣ ወንዶቹ ከቀብር እየተመለሱ ነበር። ሴቶቹ ወዳሉበት ገባሁ። ባለቤታቸው አዴ ዘሃራ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ፎዚያ፣ ሮቤ የምታስተምረው፣ የእኔ እኩያ፣ አጠገባቸው ናት። ጎንበስ ብዬ «አላህ ይዘንላቸው፣ ሰብሩን ይስጥዎት» አልኩ። አዴ ዘሃራ እጄን ይዘው ወደ ደረታቸው ሳቡኝ።

«ልጁ መጣች» አሉ ለሴቶቹ። «የሱ ልጅ ነች እኮ። ስላንቺ ሳያወራ ራት አይበላም ነበር።» ከዚያ ለእኔ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ባለፈው ዓመት ደረቱን ሲያመው ተመርመር ብዬ አስጨንቄው ነበር። ወንድሙንም አባቱንም አውቃቸዋለሁ። ሰላማዊት ደሜን መርምራ ደህና ነህ ብላኛለች አለኝ። አንቺ ካልሽው ብዬ እኔም ተውኩት። የአላህ ነገር ነው እንጂ፣ ምን ታደርጊ ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ክፍሉ በሴት ተሞልቷል። ፎዚያ ታየኛለች።

«አላህ ያጽናዎት» አልኩ። ትንሽ ተቀምጬ ወጣሁና ከግቢው በር ውጭ፣ ድንኳኑ ጀርባ፣ ቆሜ አለቀስኩ። አልፎ ያየኝ ሰው ካለ ስለምወዳቸው የማለቅስ ነው የሚመስለው። እውነትም እወዳቸው ነበር።

ሁለት ሳምንት አልተኛሁም ብል ማጋነን አይሆንም። ከምንም በላይ አንድ ሐሳብ አላስቀምጥ አለኝ። ይህ በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። እሳቸው ካለባቸው፣ ለእያንዳንዱ ልጃቸው የመውረዱ ዕድል እኩል በእኩል ነው። ፎዚያ አለች። ታናሽ ወንድሟ አለ። ዝም ካልኩ አሁን ዝም የምለው በእነሱም ላይ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሄድኩ። አዴ ዘሃራና ፎዚያ ብቻቸውን ነበሩ። እንዳላመነታ ገና ሳልቀመጥ ጀመርኩ። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ጣይው ስላሉኝ ወረቀት፣ ደግሜ ስለ መሥራቴ፣ ስለ ዳገቱ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ዋሽቶኛል ማለት ነው?» አሉ አዴ ዘሃራ ስጨርስ።

«ፈርተው ነው አዴ ዘሃራ።»

«ፈርቶ ነው» አሉ፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ስንት ዓመት አብሬው ስኖር ፈሪ አይመስለኝም ነበር።» ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። እንባቸውን አላየሁም፤ ድምፃቸውን ነው የሰማሁት።

ፎዚያ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። «ከዚያ ምርመራ እስከ ሞተበት ቀን ስንት ጊዜ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።»

«መድኃኒት አለው ይሄ ነገር?»

«አለው። በእርግጠኝነት ያድናል ባልልሽም፣ ያወርደዋል። ብዙ ሰው ይኖርበታል።»

«አንቺ ደግሞ ጎባ እስክትሄጂ በየቀኑ ታዪው ነበር።»

«በየቀኑ።»

«ሂጂ» አለችኝ። አልጮኸችም። «እባክሽ ሂጂልኝ።»

በር ላይ ሆኜ «አንቺና ወንድምሽ ተመርመሩ። እኔ ጋ አይሁን፤ የትም ይሁን፤ ግን ተመርመሩ» አልኳት። በሩን እኔው ዘጋሁት።

ወር አለፈ። ተስፋ ቆርጬ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጎባ፣ የላቦራቶሪው ተራ ጠባቂዎች አግዳሚ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ፎዚያና ወንድሟ። ሰላምታ አልተሰጣጣንም። ተራቸው ሲደርስ ገቡ፤ ቀዳሁላቸው። ውጤቱ ሲመጣ የወንድሟ ደህና ነበር። የእሷ የአባቷ ነበር፤ ቁጥሩ ራሱ ሊባል ምንም አልቀረውም።

ወረቀቱን አጥፌ ልሰጣት ስል አልተቀበለችኝም። ወንድሟን «ውጭ ጠብቀኝ» አለችውና በሩን ዘጋች።

«በአፍሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

«ፎዚያ...»

«ወረቀት አልፈልግም። ዓይኔን እያየሽ፣ ስንት እንደሆነና ምን ማለት እንደሆነ፣ በአፍሽ ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ሐኪም ዘንድ ዛሬውኑ እንደምትገባ፣ መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ እንደምትወስድ፣ ደሟ በየጊዜው እንደሚታይ፣ ልጅ ስትወልድ ልጇም መታየት እንዳለበት ነገርኳት። ጨረስኩ።

«አልተቀየምኩሽም አልልሽም» አለች። «ተቀይሜሻለሁ። ምናልባት ሁልጊዜ እቀየምሽ ይሆናል። ግን ሮቤ ማንም ጋ አልሄድም። ደሜን የምትቀጂው አንቺ ነሽ። የምትነግሪኝም አንቺ ነሽ።»

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። ሐኪሙ በቀጠራት ጊዜ ሁሉ ከሮቤ ትመጣለች። ስለ ሌላ ነገር ብዙ አናወራም፤ አንዳንዴ ስለ እናቷ ጤና፣ አንዳንዴ ስለ ትምህርት ቤቷ። ቁጥሩ እየወረደ ነው፤ ገና ግን መውረድ ያለበት ያህል አልወረደም። ውጤቱ ሲመጣ በሩን ትዘጋና ፊት ለፊቴ ትቆማለች። እኔም ከወንበሬ ተነስቼ፣ ዓይኗን እያየሁ፣ ጮክ ብዬ እነግራታለሁ።